ቁጥርሽን እንዳትቀይሪ

በአንድ ወቅት፣ ቀጨሞ በምትባል ከተራራ ሥር በተሸጎጠች መንደር፣ ይታይሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ጌሾ እየተከለች፣ ቅጠሉን እያደረቀች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ አውጥታ እየሸጠች አራት ልጆች አሳድጋለች። ትልቁ መኳንንት ሚስት አግብቶ ከእናቱ አጥር ማዶ ጎጆ ቀልሷል። ከእሱ በታች ያለችው አንጓች አግብታ ፈትታ እናቷ ቤት ተመልሳለች። ሦስተኛው ልየው ገና ያላገባ፣ ትከሻው የበሬ፣ ወሬው አጭር የሆነ ጎረምሳ ነው። የመጨረሻው ድረስ ነው። የዚህ ሁሉ ነገር መነሻም እሱ ነው።

ድረስ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ለማንም ሳይናገር ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ድንበር ወረደ። የደወለው ከሳምንት በኋላ ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበርና ይታይሽ ገበያ መሀል ጌሾዋን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«እማ፣ ነገ ልንሻገር ነው» አላት። «ከወዲያ ስልካችንን ይወስዱብናል አሉ። ያንቺን ቁጥር ግን በቃሌ ይዣለሁ።»

«ተሻግረህ ምን ልትሠራ? አንተ ልጅ፣ ስማኝ፣ ተመለስ።»

«እደውላለሁ። ቁጥርሽን ብቻ እንዳትቀይሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ኅዳር ሄደ፣ ጥር ሄደ፣ ፋሲካም አለፈ። ይታይሽ ገበያ ስትውል ስልኳን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ነው። ሰው «ጌሾው እንዴት ነው?» ሲላት መልስ ሳትሰጥ ስልኳን አውጥታ ታያለች።

ስልኩ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ነው፤ የሚይዘውም አንድ ሲም ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ የዋርካ ነበር። ዋርካ በዚያ አገር የቆየው የስልክ ድርጅት ስም ነው። ቀጨሞ ግን ተራራው ከልሏት የዋርካ ኔትወርክ መንደሩ ውስጥ አይገባም። መደወል የፈለገ ሰው ወይ ገበያ መውረድ አለበት፣ ወይ ደግሞ የአንድ ሰዓት ዳገት ወጥቶ ከአንድ ሰፊ ቋጥኝ ላይ መቆም አለበት። ሰዉ ቋጥኙን «ሀሎ ድንጋይ» ብሎ ሰይሞታል። ከቋጥኙ ሁለት እርምጃ ወዲህ ከሆንክ ስልክህ ድንጋይ ነው። በዚያ ላይ የዋርካ የደቂቃ ዋጋ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ካርድ ያልተሞላበት ቁጥር ደግሞ ተነጥቆ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በግንቦት ነገር ተለወጠ። መብረቅ የሚባል አዲስ ድርጅት መጥቶ ከቀጨሞ ትምህርት ቤት ጀርባ ረጅም የብረት ታወር ተከለ። ሠራተኞቹ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም በነጻ ያድላሉ። የደቂቃው ዋጋ ከዋርካ በግማሽ ይቀንሳል፤ ኢንተርኔቱም ርካሽ ነው። በሬ ጠምዶ እያረሰ ከዘመዱ ጋር የሚያወራ ገበሬ በቀጨሞ የታየው ያን ጊዜ ነው። ወር ሳይሞላ መንደሩ በሙሉ ወደ መብረቅ ተገለበጠ። ያልቀየረ የይታይሽ ቤት ብቻ ቀረ።

ጃንጥላው ሥር የተቀመጠችው ሠራተኛ ይታይሽን ባየቻት ቁጥር ትጠራታለች። «እናቴ፣ እርስዎ ለምን አይቀይሩም? በዚህ ዕድሜዎ ዳገት መውጣት ምን ያደርግልዎታል?»

«ልጄ ቁጥሬን በቃሉ ይዟል።»

«አዲሱን ይንገሩታ።»

«የት ላግኘው ብዬ ልንገረው?»

ልጅቱ አንድ ሲም በነጻ አስይዛት ሸኘቻት።

ያ ሲም የይታይሽን ሰላም ነሳት። አንድ እሁድ ሦስቱን ልጆቿን ጠርታ ስልኩንና አዲሱን ካርድ ከፊታቸው አስቀመጠች።

«ፍረዱኝ» አለቻቸው። «እኔ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።»

መኳንንት እንደ ታላቅነቱ ቀድሞ ተናገረ። «እማ፣ ይህ ቁጥር ገመድ ነው። ልጁ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ አንዱን ጫፍ ይዟል። ርካሽ አገኘን ብለን የወዲህኛውን እንልቀቅበት?»

«ጋሼ፣ ገመዱ እኮ እኛ ጋ አልደረሰም» አለች አንጓች። «ዛሬ ቢደውል በየትኛው ጆሯችን እንሰማዋለን? ስልኩ እዚህ ቤት ውስጥ ዲዳ ነው። በአዲሱ መስመር ግን እኛው እንፈልገዋለን። ድንበር የተሻገረ ሰው ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚገናኘው። እሱ እስኪጠራን ምን ያስቀምጠናል?»

ልየው የሞፈር እንጨት እየላገ ነበር። ቀና ሳይል «ስልክ ሰው አያመጣም» አለ።

«ታዲያ ምን ያመጣዋል?» አለችው እናቱ።

«እግር።»

በዚያ ቀን አልተስማሙም። ይታይሽም መወሰን አቃታት። የዋርካውን ካርድ አውጥታ የመብረቁን ከተተች። ለስምንት ቀን ስልኩ እቤቷ ሆኖ ጮኸ። እህቷ ደወለች፣ የጌሾ ደንበኛ ደወለ፣ አንድ የማታውቀው ሰው ተሳስቶ ደወለ። በጮኸ ቁጥር ሮጣ ታነሣዋለች፤ የልጇ ድምፅ ግን አይደለም። በዘጠነኛው ቀን «አሁን በዚያኛው እየጠራኝ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ መጣባትና ጌሾ ከምትለቅምበት ተነሥታ ሮጣ ገባች። ካርዱን መልሳ ቀየረች። ሀሎ ድንጋይ ወጥታ እስኪመሽባት ተቀመጠች፤ ማንም አልደወለም። በማግስቱ እንደገና ቀየረች። የስልኩ ጀርባ ከመከፈት ብዛት ላልቶ በጎማ ክር አሰረችው። ምግብ አይወርድላትም። ጎረቤት ገብታ ስትጫወት መሀል ላይ ትነሣለች፤ ለምን እንደተነሣች ግን ራሷም አታውቅም።

መኳንንት ይህን አይቶ አንድ ጧት መጣ። የዋርካውን ካርድ ስልኩ ውስጥ ከተተና ጎማውን ደግሞ አጠበቀው።

«ከእንግዲህ አንቺ አትነካኪው። ቁጥሩን እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ጠበቀውም። ሰኔ ግም ሲል ጀመረ። ጧት ጥቂት ያርስና በሬዎቹን ፈትቶ ዳገቱን ይይዛል። ጀምበር እስክትጠልቅ ሀሎ ድንጋይ ላይ ነው። ክረምቱ ሲመጣ የማዳበሪያ ጆንያ ከራሱ ላይ ደፍቶ፣ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ተቀመጠ። ቁጥሩ እንዳይነጠቅ ከአፉ ነጥቆ ካርድ ይሞላበታል። ጤፉን አረም ዋጠው። ሚስቱ «ያገባሁት ገበሬ ነበር እንጂ የቋጥኝ ዘበኛ አይደለም» ብላ በነሐሴ ወደ ወላጆቿ ሄደች። ሰዉ «ሀሎ መኳንንት» እያለ ይቀልድበት ጀመር። እሱ ግን አልወረደም። ሌላ ቦታ ልዋል ቢልም የሚችል አይመስልም ነበር፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ዓይኑ ወደ ተራራው ነው።

አንጓችም በበኩሏ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ከጠቦትነታቸው ያሳደገቻቸውን በጎች ሸጠች፤ ስማርት ስልክ ገዝታ የመብረቁን ሲም ከተተችበት። የድረስን ፎቶ ከስሙና ከአዲሱ ቁጥሯ ጋር አድርጋ፣ የጠፋ ወገናቸውን የሚፈልጉ ሰዎች በሚሰባሰቡባቸው ገጾች ሁሉ ላይ ለጠፈችው። እጇ ቤት እየጠረገ ዓይኗ ከስልኩ አይነቀልም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ደወለ። «ልጃችሁ እኔ እጅ ነው፤ ብር ካልላካችሁ ይሸጣል» አለ። አንጓች አመነችው፤ እናቷንም አሳመነች። የምትታለብ አንዲት ላማቸው ተሸጣ ብሩ ተላከ። ሰውዬው ስልኩን ዘጋ፤ ከዚያ በኋላ አልተገኘም።

ይታይሽ ባዶውን በረት ቆማ ስታይ አንጓች ከኋላዋ መጣች።

«እማ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ላም ትገዛለች» አለች ይታይሽ። «መፈለጉን ተውሽው እንዴ?»

«አልተውኩትም።»

ከዚያ በኋላ አንጓች ብልጥ ሆነች። ማንም ሰው «አገኘሁት» ሲላት «በልጅነቱ ክንዱን ምን ነከሰው?» ትለዋለች። ውሻ የሚል አለ፤ እባብ የሚል አለ። ሁሉንም ትዘጋቸዋለች። በወሬ ወሬም ከድንበሩ ማዶ በምግብ አብሳይነት ከምትሠራ ዘሃራ ከምትባል ሴት ጋር ተዋወቀች። ዘሃራ «ፎቶውን የሚመስል ልጅ በአንድ ሰሊጥ እርሻ አይቻለሁ፤ ያነክሳል» አለቻት። ይሁን እንጂ እርሻው ብዙ፣ አገሩ ሰፊ ነው። በየትኛው እርሻ እንደሆነ ዘሃራ አላወቀችም።

ልየው ግን መስቀል ሲያልፍ እናቱን ተከትሎ ገበያ ወረደ። የጌሾውን ጆንያ ከትከሻው አወረደላት። «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» አላት። አልመጣም። ይታይሽ ገበያው ተበትኖ፣ መደቡ ባዶ እስኪቀር ጠበቀችው። በሦስተኛው ቀን ነው አንድ ነጋዴ «ልየውን የሰሊጥ አጫጆች መኪና ላይ ቆሞ አየሁት» ያላት። ያን ጊዜ ወደቀች። ሁለት ሳምንት ከመደብ አልተነሣችም። እስከዚያ ያስጨነቃት አንድ ልጅ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆኑ።

በአራተኛው ሳምንት ሀሎ ድንጋይ ላይ ስልኩ ጮኸ። መኳንንት ዘሎ አነሣው። ደዋዩ ልየው ነበር።

«ጋሼ፣ የድንበሩ ከተማ ነኝ። ጆንያ እሸከማለሁ። ደህና ነኝ በላት።»

«ይህችን ሴት ልትቀብራት ነው የፈለግኸው?» አለ መኳንንት። «ነግረሃት ብትሄድ ምን ነበረበት?»

«ብነግራት አትለቀኝም ነበር። ድረስን ሳላገኝ አልመለስም። ይሄ ቁጥር የምበላበት ምግብ ቤት ነው። ስትፈልጉኝ ባለቤቷ ትጠራኛለች።»

ልየው የድረስን ፎቶ ይዞ ከወዲያ የሚመለሱትን አጫጆች አንድ በአንድ ያስቆማል። የሚያውቀው ሰው አላገኘም። ቢሆንም ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም።

ይታይሽ ከመደቧ ስትነሣ ቀኗን ለሦስት ከፈለችው። ጧት አንጓች አጠገብ ትቀመጥና በስልኳ መስታወት ላይ የሚያልፉትን የማታውቃቸውን ፊቶች ታያለች። እኩለ ቀን ላይ ለመኳንንት ምሳ ይዛ ዳገቱን ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ መኪና መንገዱ ዳር ወርዳ ከጭነት መኪና የሚወርደውን ሰው ትቆጥራለች። አንዱ ቦታ ስትሆን ሌላው ቦታ ያመለጣት ይመስላታል። «አንድ ጊዜ እንኳ ሙሉዬን የትም ተቀምጬ አላውቅም» ትል ነበር።

በታኅሣሥ፣ አንድ ሰኞ፣ ይታይሽ የመኳንንትን ምሳ ቋጥራ ከደጇ ብቅ ስትል ልጇ ከተራራው ቁልቁል ሲሮጥ አየችው። ጋቢው የለም። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል።

አጥሩ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት መናገር አቃተው። ይታይሽ ምሳውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሞተ?» አለች።

«ደወለ።»

ያወሩት ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ድረስ «እማ?» አለ። መኳንንት «እኔ ነኝ፣ መኳንንት» አለ። «ጋሼ፣ ሦስት ጉድጓድ ነኝ፤ እግሬ...» ሲል ተቋረጠ። መኳንንት መልሶ ሊደውል ሞከረ። የውጭ አገር ጥሪ በዋርካ ውድ ነውና ስልኩ ውስጥ ያለው ሂሳብ አልበቃ አለው። ቁጥሩ ግን ስልኩ ላይ ቀርቷል።

አንጓች ነጥቃ ቁጥሩን በራሷ ስልክ ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች። እናትና ወንድሟ ከግራና ከቀኝ ቆመው ጣቷን ያያሉ። በአሥራ አንደኛው ጊዜ አንድ ወንድ በማታውቀው ቋንቋ መለሰላት። አንጓች ሳትደነግጥ «አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ» እያለች ዘሃራን ደወለችላትና በአንድ መስመር ላይ አገናኘቻቸው። ሰውዬው የእርሻው ዘበኛ ነበር። ድረስ ስልኩን ያስደወለው ሸሚዙን አውልቆ ሰጥቶት ነው። ዘሃራ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ በፈጣሪ ስም አማለችው። በመጨረሻ ልጁን ጠራው።

አንጓች ግን በላሟ የተማረችውን አልረሳችም። «ክንድህን ምን ነከሰህ?» አለችው።

«አህያ» አለ ድምፁ ከማዶ። «የእትዬ አንጓች አህያ። አንቺ ነሽ እንዴ?»

አንጓች ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማ» አለ ድረስ። «ቁጥሩን አልቀየርሽውም።»

ይታይሽ በጆሮዋ የያዘችው የመብረቁን ስልክ ነው። የዋርካው በመኳንንት እጅ ላይ ጨለማ ሆኖ ተኝቷል። «አልቀየርኩትም፣ ልጄ» አለች።

ወሬው አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። በዋርካ ቢሆን ኖሮ የዓመት ጌሾዋ አይበቃውም ነበር። ድረስ ሦስት ጉድጓድ የሚባል የሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። እግሩን ማጭድ ቆርጦት ቁስሉ አመርቅዟል፤ መራመድ አይችልም። አጨዳው አልቋል። ሐሙስ ሠራተኞቹን ወደ በረሃው የሚወስድ መኪና ይመጣል። እሱን ጭነው ይሂዱ ወይ ሜዳ ላይ ጥለውት ይሂዱ ማንም አልነገረውም። ዘሃራ እርሻው ከድንበሩ ወንዝ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ እንደሆነ፣ በየትኛው ማለፊያ ወታደር እንደማይቆም ጠይቃ አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

አንጓች ወዲያው ልየው ለሚበላበት ምግብ ቤት ባለቤት ደወለች። ልየውን ከጆንያ ሥር ጠርተው አመጡት። አንጓች የሰማችውን ሁሉ ነገረችው።

«ሦስት ጉድጓድ» አለ ልየው። «ሰማሁ።» ዘጋው።

ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ምንም የለም። ሐሙስ የመኪናው ቀን ነው፤ ይታይሽ ጌሾ እያደረቀች የነበረበትን ሰሌን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ ሦስት ጊዜ ዘረጋችው። መኳንንት ልማዱ ሆኖ ሀሎ ድንጋይ ወጥቷል። አንጓች የዘበኛውን ቁጥር ትደውላለች፤ ተዘግቷል። ዓርብ አልፎ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ሰዉ ሲበተን፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት ለአንጓች ደወለችላት።

«ወንድምሽ ሌላ ሰው አዝሎ ገብቷል» አለች። «ሁለቱም ተኝተዋል። የታዘለው ክሊኒክ ይሄዳል፤ ያዘለው እግር አልቀረውም።»

ልየው ሰኞውኑ ወንዙን በትራክተር ተሻግሮ ነበር። ትራክተሩ በመንገድ ሲቀር በእግሩ ገሰገሰ። ረቡዕ ከሰዓት እርሻው ሲደርስ ድረስን ከአንድ ዳስ ጥግ አገኘው። ዘበኛው ሊከለክለው ቆመ፤ ልየው ጃኬቱንና ጫማውን አውልቆ ሰጠው። ወንድሙን አዘለ። ሲመለስ በባዶ እግሩ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጥላ ባገኘ ቁጥር አውርዶት ውሃ እያስጎነጨ፣ ወንዙን ከደረቱ በላይ ገብቶ ተሻገረ። ትከሻው ላይ የድረስ እጅ የያዘበት ቦታ እስከ ጥር ጠቁሮ ታይቷል።

በጥር መጨረሻ ሁለቱ ቀጨሞ ገቡ። ድረስ ከስቶ አንገቱ እንደ ሸንበቆ ቀጥኗል፤ እግሩ ግን ተርፏል። መንደሩ በሙሉ ይታይሽ ግቢ ተሰበሰበ። የመኳንንት ሚስት እንኳ ከወላጆቿ ቤት ድፎ ተሸክማ መጣች፤ ማንም ሳይጠይቃት ከወጥ ቤት ገብታ ሥራ ያዘች።

ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ይታይሽ ከጓሮ ብቅ አለች። ባሏ ትቶላት የሄደውን ዳማ በቅሎ በልጓሟ ይዛ ነበር። በዚያ ቤት ከእሷ የሚበልጥ ንብረት የለም። ባለቤቷ ከሞተ ወዲህ ማንም አልጋለባትም።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ልየው የጠፋብኝ ሰሞን፣ ታምሜ ሳለሁ፣ ለማርያም ተሳልኩ። ‹ድረስ ልጄን ለቤቴ ላበቃው ሰው ይህችን በቅሎ እሰጣለሁ› አልኩ። ሰውዬው አንድ ይሆናል ብዬ ነበር። አሁን ሦስት ናቸው፤ በቅሎ ደግሞ አትከፈልም። ስለት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይታጠፍም። ፍረዱልኝ።»

ሽማግሌው አያ ጓንጉል መኳንንትን አስነሡት።

«እኔ በቅሎ አልጠየቅኩም» አለ መኳንንት። «ግን ከተጠየቅኩ እናገራለሁ። ሰባት ወር ቋጥኝ ላይ ነበርኩ። የቀየራችሁት ሁላችሁ ስትስቁብኝ ነበር። ያን ቁጥር ብንጥለው ኖሮ ድረስ ሸሚዙን አውልቆ የደወለው ለማን ይሆን ነበር?»

አንጓች ተነሣች። «ጋሼ የሰማው ስድስት ቃል ነው። አልክደውም፤ ያለ እነዚያ ስድስት ቃላት እኔም ምንም አልነበርኩም። ነገር ግን በዚያ ብንቀር እማ እስከ ዛሬ ስድስቱን ቃላት እየደገመች ታለቅስ ነበር። ሰው በሰው አጠያይቄ፣ መንገዱን በቀኑና በሰዓቱ ያወጣሁት በአዲሱ መስመር ነው። ላሟን ያስበላሁትም እኔ ነኝ፤ እሱንም አብራችሁ ቁጠሩልኝ።»

ልየው ሲጠሩት ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«እኔ ሄድኩ፤ አመጣሁት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ያኔ ሰዉ ተከፈለ። አንዱ «ዘበኝነትም ሥራ ነው ወይ? መኳንንት ቁጭ ብሎ ጠበቀ እንጂ ምን አደረገ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ማረሻውንና ትዳሩን ያስያዘ ማን ነው?» ይላል። «አንጓች ባትኖር ልየው ዛሬም ጆንያ ተሸካሚ ነው» ሲሉ፣ «አንጓችን ሰምተው ቁጥሩን ቢቀይሩ ደግሞ ጥሪው የሚመጣበት ቤት አልነበረም» የሚሉ ይነሣሉ። «የመጣው በልየው ጀርባ ነው፤ ስለቱም ‹ለቤቴ ላበቃው› ነው የሚለው» ያሉ ብዙ ናቸው። ልየው በጠፋ በሁለት ሳምንት ውስጥ የይታይሽ ጸጉር መሸበቱን ያዩት ጎረቤቶቿ ግን «የምታለቅስ እናቱን ደግሞ ያስለቀሰ ልጅ የት አባቱ ይሸለማል» ብለው ተቃወሙ።

አያ ጓንጉል ወደ ድረስ ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል» አለ ድረስ። «አንዱን ብጠራ ሁለቱን በምን ዓይን አያለሁ?» ቀጥሎ፣ ለመናገር እንዳልፈለገ ሰው፣ «ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር» አለ። «ክረምት ሳይገባ። ‹አይገኝም› አለኝ። ቁጥሩን የተሳሳትኩ መስሎኝ ጧት ማታ እንደ ዳዊት እደግመው ጀመር።»

ይታይሽ ልጓሙን እንደያዘች፣ መኳንንት ቁጥሩን ከመረከቡ በፊት ካርዱን ያወጣችባቸውን ቀኖች በልቧ ቆጠረች። «የትኛው ቀን ነበር?» ልትለው ፈለገች። ካርዱ ውስጥ በነበረባቸው ቀኖችም ስልኩ እቤት ተቀምጦ ዲዳ ነበርና በየትኛው ጥፋት እንዳመለጣት ማንም ሊነግራት አይችልም። መኳንንት መሬት መሬቱን ያያል።

ሽማግሌዎቹ በዚያ ቀን አልፈረዱም። በሚቀጥለው እሁድም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ተቀምጠው አልፈረዱም። ይታይሽ በቅሎዋን በየጠዋቱ ራሷ ታጠጣለች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ወደ መኳንንት ጎጆ ትመለከታለች፤ ጣራው ሥር ሚስቱ ተመልሳለች፣ ማሳው ግን ገና ዳዋ ነው። ዞር ስትል አንጓች ባዶው በረት ደፍ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ይዛ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ትፈልጋለች፤ አሁን የማያውቋት እናቶች ናቸው የሚደውሉላት። ልየው ደግሞ ከአውድማው ላይ ጆንያ ያነሣል፤ ሲያነሣ ቀኝ ትከሻውን ያመዋል፣ አይናገርም እንጂ። በቅሎዋ የማንም ሳትሆን ድርቆሽ ትበላለች። ስለቱም እስከ ዛሬ ሳይፈጸም ቀርቶ ይታይሽን እንቅልፍ ነስቷታል።

ሽማግሌዎቹ ለማርያም በዓል ቁርጡን እንናገራለን ብለዋል። እስከዚያው መንገደኛ ባለፈ ቁጥር ይታይሽ አስቁማ ትጠይቃለች። እስቲ እናንተም ተከራከሩበት፦ አንዱ ድምፁን ጠበቀ፣ አንዷ ያለበትን አገኘች፣ አንዱ አዝሎ አመጣው። ልጓሙ በእናንተ እጅ ቢሆን በቅሎዋን ለማን ትሰጡ ነበር?